ለከርሞ የተለየ ዛላ

በጨፋ ሸለቆ፥ ማሽላው እሸትነቱን ጨርሶ ዛላው በፍሬው ክብደት ማጐንበስ ሲጀምር፥ ባላገሩ አጨዳ ከመግባቱ አስቀድሞ የሚፈጽመው አንድ ሥራ አለ። ማለዳ ተነሥቶ በእርሻው መካከል ቀስ እያለ ይመላለሳል። የአንዱን ዛላ ክብደት በመዳፉ ይመዝናል፤ የሌላውን ፍሬ በጥፍሩ ይጫናል፤ አገዳውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ያያል። ወፍ የነካውን፥ ትል ያገኘውን፥ ከጓደኞቹ ዘግይቶ የደረሰውን ያልፋል። ደስ ያሰኘውን ባገኘ ጊዜ ምልክት ያስርበታል። ይህ የታሰረው ዛላ ከአውድማ አይገባም፤ ለብቻው ተቈርጦ ወደ ማጀት ይሄድና ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ጢሱ እያጠነው፥ ነቀዙም እየሸሸው፥ እስከ ሚያዝያ ወይም እስከ ግንቦት ድረስ በዚያው ይቈያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዘር ነው። እንግዳ ቢመጣም፥ ድግስ ቢደርስም፥ እጁን የሚሰድበት የለም።

እኔ በከሚሴ ከተማ በመምህርነት መኖር ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሬ፥ ዳዊት ደግሜ፥ ዲቁና ተቀብዬአለሁ። ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያላገኘሁትን አንድ ነገር ከዚህ ሸለቆ ባላገር ተማርሁ። የውቂያ ደስታ ከሩቅ ይሰማል፤ በአውድማው ዙሪያ ይዘፈናል፥ ልጆች በገለባው ላይ ይንከባለላሉ። ነገር ግን ቀርቦ ላየው ያ ደስታ ሒሳብ ያለበት ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፥ ዋጋ የሚያስወድቅ ነጋዴ አለ፥ የዕድርና የዕቁብ መዋጮ አለ። ዘር የሚመርጠው ሰው ፊት ግን ሌላ ነው። ብቻውን ነው፤ የሚያመሰግነው የለም፤ እንዲያውም ከሚበላው ላይ እየቀነሰ ነው። ይሁን እንጂ በሸለቆው ውስጥ እንደዚያ ሰው ፊት የፈካ ፊት አላየሁም።

ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። የመጪውን ዘመን ማሰብ ሰውን ሁልጊዜ ደስ አያሰኘውም። በባዶ እጅ የታሰበ እንደ ሆነ ወይ ቅዠት ይሆናል፥ ወይ ጭንቀት። ደስታው የሚመጣው ከዛሬው እንጀራ ላይ አንድ ነገር ለዚያ ዘመን ተለይቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ነው። ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ የአንድ ዛላ ፍሬ ብቻውን ከአንድ ሺህ ይበልጣልና።

ጨፋን በመንገድ ብቻ የሚያውቀው ሰው ይህን ለማመን ይቸገር ይሆናል። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወገን ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ ኮምቦልቻንና ሐርቡን ካለፈ በኋላ በዚህ ሜዳ ይተኛል፤ ሜዳውንም ረግረግ ያደርገዋል። በበጋ፥ ዙሪያው ሁሉ በደረቀ ጊዜ፥ የጨፋ ሣር አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቈያል፤ ስለዚህ ከአፋር ቆላ ከብታቸውን እየነዱ የሚመጡ አርብቶ አደሮች አሉ፤ ኦሮሞውም፥ አርጎባውም፥ አማራውም ከብቱን ያሰማራበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት ሲያየው፥ ጥጋብ ያለ ሐሳብ የሚገኝበት አገር ይመስለዋል። ነገር ግን ማሽላው የሚበቅለው በዝናም ነው፤ ዝናሙም በቀጠሮ አይመጣም።

ስለዚህ የዚህ አገር ባላገር አንድ ዕቅድ ብቻ ይዞ አያድርም። የበልጉ ዝናም በጊዜው ከጣለ በሚያዝያና በግንቦት ብዙ ወራት የሚቈየውን ረዥሙን ማሽላ ይዘራል። ዝናሙ ከዘገየ ፈጥኖ የሚደርሰውን ማሽላ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ አለ፤ ጤፍም ካልሆነ ማሾ አለ። አገራችን የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ፕላን ያወጣችው ከ1950 እስከ 1954 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የወጡት ፕላኖች አያሌ ናቸው። «ዝናሙ ቢቀርስ?» ለሚለው ጥያቄ እንደዚህ ሰው ሦስት መልስ ያዘጋጀ ፕላን ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

የማሽላው ስም ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ወሎ ውስጥ ደጋሊት፥ ጅጉርቴ፥ ዘንጋዳ የሚባሉ አሉ፤ «ወተት በጉንጬ» የሚባልም አለ። ይህን የመጨረሻውን ስም ያወጣው ሰው ወይ በጣም የጠገበ፥ ወይ በጣም የተራበ መሆን አለበት። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሽማግሌ ነው። ባርሲሳ እያለ ይጠራኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቱ ነው። አንድ ቀን ዘሩን ሲሰቅል አግኝቼው፥ «አባባ፥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ አይረዝምብዎትም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ባርሲሳ፥ ዘር የሌለው ሰው ዝናም ሲመጣ ያለቅሳል እንጂ አይስቅም። እኔ ዝናሙን እንድናፍቀው ነው የምሰቅለው» አለኝ። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ይህን ያህል ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር የነገረኝ መጽሐፍ ግን ትዝ አይለኝም።

ቋንቋችንም ቢሆን ይህን ምሥጢር ሳያውቀው አልቀረም። በአማርኛ «ነገ» የምንለው ከ«ነጋ» ጋራ ዘመድ ነው፤ ሰው ቢተኛም ይነጋል። ግዕዙ ግን ነገን «ጌሠም» ይለዋል፤ ቃሉም ማልዶ መገሥገሥን ከሚያመለክተው «ጌሠ» ጋራ የተዛመደ ነው። ስለዚህ በአማርኛው ነገ ወደ እኛ ይመጣል፤ በግዕዙ ደግሞ እኛ ማልደን ወደ እርሱ እንሄዳለን። «ከርሞ»ስ? የሚመጣው ዓመት ማለት ነው፤ ሆኖም ክረምቱን አሳልፎ ማለትም ይሆናል። ከርሞን ለማየት መክረም ያስፈልጋል፤ ለመክረም ደግሞ ስንቅ።

የመጪውን ዘመን ጣዕም እኔ መጀመሪያ የቀመስሁት በባሕረ ሐሳብ ነው። ልጅ ሳለሁ፥ የኔታ ገና ያልመጣ ዓመት ፋሲካ የሚውልበትን ቀን በጣቶቻቸው መገጣጠሚያ እየቈጠሩ ሲያወጡ ሳይ፥ ሰማይ የተከፈተ ያህል ይሰማኝ ነበር። ዛሬም ያው ነኝ። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋልና ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ ተደምሮ 33፥ ሠላሳው ሲነሣ 3። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፥ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ይህን ሁሉ በመስከረም ተቀምጦ ማወቅ ይቻላል። እናቶቻችን ከትንሣኤ አስቀድመው ጌሾውን የሚወቅጡት፥ ዶሮውን የሚያሳድጉት፥ ቅቤውን የሚያነጥሩት ይህን ቀን አውቀው ነው። የበዓሉ ደስታ እኩሌታው፥ ምናልባትም የሚበልጠው፥ በዚህ ዝግጅት ውስጥ ያልቃል። የከሚሴ እስላም ጎረቤቶቼም ረመዳንን እንዲሁ ይጠብቁታል፤ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ጾማቸው በየዓመቱ ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። ያ 11 የእኛም የአበቅቴ መሠረት ነው። በ2017 ዓ.ም. የእኛ ጾም የካቲት 17 ሲገባ የእነርሱ የካቲት 22 ገባ፤ በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ቤቶች በየበኩላቸው ፋሲካንና ዒድን እየቈጠሩ ከረሙ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ «ወንጌል ስለ ነገ አትጨነቁ አይልምን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ይላል። ደግሞም ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበ፥ ነፍሱም በዚያች ሌሊት የተወሰደችበት ባለጠጋ ታሪክ አለ። ነገር ግን ያ ሰው ያሰበው ለራሱ ብቻ ስለ መብላትና ስለ መጠጣት ነበር፤ ስለሚዘራው ዘር አንዲት ቃል አልተናገረም። ዮሴፍ በግብፅ አገር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ ከአምስት እጅ አንዱን እንዲያስቀምጡ በመከረ ጊዜስ ማን ነቀፈው? ጭንቀት ነገን ወደ ዛሬ ጐትቶ ያመጣና ዛሬን ያበላሸዋል፤ ዝግጅት ግን ከዛሬ ወደ ነገ ስንቅ ይልካል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻ አላህ» ማለታችንን የስንፍና ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልስማማም። ጎረቤቴ ኢንሻ አላህ የሚለው ዘሩን ሰቅሎ፥ ገመዱንም ሁለት ጊዜ ካጠበቀ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ነገሩ ቀላል ስለ ሆነ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሸለቆው በስተ ምዕራብ፥ ወደ ደጋው በሚያወጣው ትከሻ ላይ ነበር፤ ማሽላ ይበቅልበታል። ያለፈው ክረምት ዝናም ከልክሎ ነበርና በታኅሣሥ ጎታው ባዶ ሆነ። ከብቱ አለቀ። ሰው ወደ ባቲ መጠለያ ይጐርፍ ጀመር። በቤታችን ምሰሶ ላይ አፉ በአመድና በእበት የተመረገ አንድ ቅል ተንጠልጥሎ ነበር፤ በውስጡ ዘር አለ። እናቴ ያን ቅል ለብዙ ሳምንት እያየችው አለፈች። ታናሽ እኅቴ መቀመጥ ሲያቅታት ግን አወረደችው፤ ምርጉን በድንጋይ መታችው፥ ቈላችው፥ በላን። እኅቴ ተረፈች፤ ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። እናቴ ትክክል አደረገች፤ ማንም ሌላ ነገር እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን የሆነውን አስታውሳለሁ። አባቴና እናቴ ስለ መጪው ጊዜ መነጋገር አቆሙ። «ሲዘንብ»፥ «ለመስቀል»፥ «ልጁ ሲያድግ» የሚሉት ቃላት ከቤቱ ወጡ። ረኃቡን በሰውነቴ አስታውሰዋለሁ፤ ያን ጸጥታ ግን በጆሮዬ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

በሚያዝያ አንድ ሰው ከጨፋ መጣ፤ የአባቴ የገበያ ወዳጅ የሆነ የኦሮሞ ገበሬ ነው። በጋቢው ጠቅልሎ ሰባት የማሽላ ዛላ፥ ጢስ ያጠቈራቸውን፥ አመጣ። የእርሱም ቤት የጠገበ አልነበረም። አባቴ ተቀበለው፤ እናቴ ደግሞ ወዲያው ከምድጃው በላይ ሰቀለቻቸው። በዚያ ማታ የሚበላ ነገር ከወትሮው አልጨመረም፤ እናቴ ግን ተናገረች። ጣራው ከክረምቱ አስቀድሞ መከደን እንዳለበት ተናገረች። እኔን የኔታ ዘንድ ለፊደል እንደምትልከኝ፥ ለዚያም ነጠላ እንደሚያስፈልገኝ ተናገረች። አባቴ ስለ ነጠላው ዋጋ ተከራከራት፤ ክርክሩም እስከ እኩለ ሌሊት ቈየ፤ እኔም በደስታ አልተኛሁም። ማሽላው የበቀለው በክረምቱ፥ የተበላውም ከዚያ በኋላ ነው። ደስታው ግን ከእህሉ ወራት ቀድሞ መጣ።

ካደግሁ በኋላ ስለ ዘር ጠባቂዎች የሚነገረውን ሁሉ በጉጉት አነበብሁ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ አገራችንን ተዘዋውሮ፥ የስንዴና የገብስ የሌላውንም እህል ዘር ሰብስቦ ወደ ሌኒንግራድ ወሰደ። ከተማይቱ ከ1941 እስከ 1944 በጀርመን ጦር ተከባ በረኃብ በምታልቅበት ጊዜ፥ በእርሱ ማዕከል የሚሠሩት ሊቃውንት ያን ዘር ጠበቁት እንጂ አልበሉትም፤ ከእነርሱም አያሌዎቹ በእህል ከረጢቶች መካከል በረኃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 በገዛ መንግሥቱ እስር ቤት በረኃብ ሞተ። ይህን ሳነብ እናቴን አሰብሁ። እነርሱ ያላደረጉትን እርስዋ አድርጋለች፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ የምትቀመጥ ይመስለኛል፤ ቅሉን ያን ሁሉ ሳምንት አይታ ማለፍዋን አይቻለሁና።

በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ የሚባሉት ሊቅ ይህን ማዕከል ለብዙ ዘመን መሩ። በ1977ቱ ረኃብ ባላገሩ ዘሩን እየበላ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፥ የአገሩ ዘር ጨርሶ እንዳይጠፋ ደከሙ፤ ኋላም ከካናዳ በጎ አድራጊዎች ጋራ ተባብረው፥ ባላገሩ የአባቶቹን ዘር በገዛ እርሻው ጠብቆ እንዲያራባ የሚያደርግ ሥራ በሸዋና በወሎ አቋቋሙ። በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ዘሩን በማቀዝቀዣ ብቻ ማኖር አይበቃም፥ በየዓመቱ መዘራት አለበት የሚለው ሐሳባቸው ለአንድ የጨፋ ሽማግሌ ቢነገረው አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ለሳይንሱ ግን አዲስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸለቆው ሌላ መከራም አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት የበረሃ አንበጣ መጥቶ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በላ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከሚሴ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቈየ። ይህ ጊዜ የማሽላ አጨዳ ጊዜ ነው። ሰው ሸሽቶ ማሽላው በቆመበት ቀረ።

ትምህርት ቤት ተከፍቶ በተመለስን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ከዐሥር ዓመት በኋላ» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው፤ በየዓመቱ የምሰጠው ርእስ ነው። ከወትሮው ሐኪም፥ አብራሪ፥ መሐንዲስ የሚሆን አይጠፋም ነበር። ያን ጊዜ ግን አሥራ አንድ ወረቀት ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ከጻፉትም ብዙዎቹ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ስለ መሄድ ጻፉ። አንዲት ልጅ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፦ «ዐሥር ዓመት ሩቅ ነው፤ ማሽላችን ሜዳ ላይ ነው።»

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ወሰድሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ርእሱን ለውጬ፥ «በቤታችሁ ለሚያዝያ የተቀመጠ ነገር ምን አለ? ቈጥራችሁ ኑ» አልኋቸው። ሳቁ፤ ነገር ግን ቈጠሩ። አንዱ ያረገዘች ፍየል አለችን አለ። አንዷ በጨርቅ የተቋጠረ የሽንኩርት ዘር አገኘች። አንድ ልጅ ምንም የለንም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ተመልሶ ተነሣና እናቱ ነፍሰ ጡር መሆንዋን፥ የምትወልደውም በሚያዝያ መሆኑን ተናገረ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፥ እርሱም ሳቀ። ያቺ አንድ መስመር የጻፈችው ልጅ ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። አባትዋ ተመልሶ እርሻውን ባየ ጊዜ ከብትና ወፍ የጨረሰውን አገዳ እያገላበጠ ሲፈልግ ውሎ ዘጠኝ ዛላ አግኝቷል፤ ሁለቱ ወተት በጉንጬ ናቸው። ሲያስራቸው እንደ ድሮው ለራሱ ያንጐራጕር ነበር ብላ ጽፋለች። ከዚያም ማንም ሳያዛት ወደ ዐሥር ዓመቱ አልፋ፥ ስለ እርሻ ትምህርት፥ ስለ ዩኒቨርሲቲ፥ ለእናትዋ ስለምትሠራው ጢስ የማይገባበት ማጀት ጻፈች። ከጽሑፍዋ ጥግ ላይ «ጢስ ከሌለ ዘሩ የት ይሰቀላል?» ብዬ በቀይ ጻፍሁባት። በማግሥቱ ለዘሩ ብቻ ሌላ ትንሽ ማጀት እንደምትሠራ ጨምራ መለሰችልኝ።

ይህች ልጅ በ2018 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በኅዳር ወደ ቤታቸው ጐራ ብዬ ነበር። አባትየው ከእርሻው አንድ ዛላ ይዞ መጣና፥ «ባርሲሳ፥ ይህ ጥንቅሽ ነው፤ ከደጅዎ ይዝሩት፥ ለልጆችዎ አገዳው ይበቃል» አለኝ። ከግቢዬ አጥር ሥር ጠባብ መሬት አለች፤ ድንጋይዋን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቼ ጋራ ለቅመን ጨረስን። የትኛው አገዳ የማን እንደሚሆን አሁን ከወዲሁ እየተጣሉ ናቸው።